ጋሻ ያልመለሰው ዝናብ

በብቸና ሱቃችሁን ዘግታችሁ የተቀመጣችሁ፣ በሞጣ ከእራት በኋላ ሬዲዮ የከፈታችሁ፣ በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ገጠር ከብት አስገብታችሁ እሳት ዳር የተሰበሰባችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ስለ አንድ የጦር ሜዳ ትጥቅ እናወራለን። ወታደርን ከመርዝ ጋዝ ስለሚጠብቀው ልብስ፣ ጭምብል፣ ጓንትና ጫማ ነው። ወሬው ከሩቅ አገር የመጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ይህ ትጥቅ ስላልነበረው ከተቃጠለው ሕዝብ መካከል የጎጃም ዘማች አለበት። የእኛው አያቶችና ቅድመ አያቶች ናቸው።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር መረብን ተሻገረ። ጎጃምን ያስተዳድሩ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ጦራቸውን አስከትለው ከደብረ ማርቆስ ተነሱ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጎንደርን አቋርጦ እስከ ተከዜ። እስቲ ያን ዘማች ከእግሩ እስከ ራሱ በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት። እጀ ጠባብና ሱሪ ለብሷል። ከላይ ጋቢ ወይም ኩታ ደርቧል። በአህያው ላይ በሶና ቆሎ አለ። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን፣ የሌለው ጎራዴውንና ጋሻውን ይዟል። አብዛኛው በባዶ እግሩ ነው። ይህችን የባዶ እግር ነገር ያዙልኝ፤ ዛሬ ደጋግመን እንመለስባታለን።

ይህ ጦር ደካማ አልነበረም። ታኅሣሥ 5 ቀን በእንዳባጉና በር የፊታውራሪ ሽፈራው ሰዎች የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ገጥመው ድል አድርገዋል። በብረት ውስጥ ተቀምጦ የሚተኩስን ጠላት በእጅና በጎራዴ ማሸነፍ ማለት ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከዚያ በኋላ ግን ስምንት ቀን ብቻ አለፈ።

ታኅሣሥ 13 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠዋት፣ ተከዜ ዳር። አውሮፕላኖች መጡ። ዘማቹ አውሮፕላንና ቦምብ ያውቃል፤ መበታተንን፣ መሬት ላይ መተኛትን ተምሯል። የዚያን ቀን የወረደው ግን የተለመደው ቦምብ አልነበረም። ራስ እምሩ ከብዙ ዓመት በኋላ ለጣሊያናዊው የታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ እንደተናገሩት፣ የወደቁት እንግዳ በርሜሎች ነበሩ። መሬት ወይም ውኃ ሲነኩ ይሰነጠቁና ቀለም የሌለው ፈሳሽ ይረጫሉ። ፈሳሹ የነካቸው መቶ የሚሆኑ ሰዎች እግራቸው፣ እጃቸውና ፊታቸው ውኃ እየቋጠረ ይጮኹ ጀመር። የተቃጠለ ከንፈራቸውን ለማብረድ ወደ ወንዙ ሮጠው የጠጡ ነበሩ፤ እነዚያም ዳር ላይ ወድቀው እየተንፈራገጡ ሞቱ። ከብት ሊያጠጡ የወረዱ የአካባቢው ገበሬዎችም አብረው ተቃጠሉ። አለቆቹ ራስ እምሩን ከበው ምን እናድርግ አሏቸው፤ ራስ እምሩም የሚመልሱት አጡ። በሰው ላይ የሚዘንብን እሳት እንዴት እንደሚዋጉት አላወቁም ነበር።

አድማጮቼ፣ ይህን ታሪክ ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ ያ ዝምታ ነው። ያን ጊዜ ልምድ ያላቸው ትልቅ የጦር አለቃ ዝም ያሉት ፈርተው አልነበረም፤ የሚሰጡት ምክር ስላልነበረ ነው። እኛ ግን ዛሬ መልሱን እናውቃለን። ስለዚህ ያን መልስ አንድ በአንድ እንየው።

መጀመሪያ መርዙን እንወቀው። በተለምዶ የመርዝ ጭስ ወይም የመርዝ ጋዝ እንለዋለን። የተከዜው መርዝ በኬሚስቶች ዘንድ የሰናፍጭ ጋዝ ወይም ኢፕሪት ይባላል። ስሙ ያሳስታል፤ ጭስ አይደለም፣ ጋዝም አይደለም፣ ወፍራም ዘይት የሚመስል ፈሳሽ ነው። ሰናፍጭ የተባለው ሽታው አንዳንዴ ሰናፍጭን፣ አንዳንዴ ነጭ ሽንኩርትን ስለሚመስል ነው። ኢፕሪት የተባለው ደግሞ ቤልጅግ ውስጥ ባለችው ኢፕር ከተማ አጠገብ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1917 ለመጀመሪያ ጊዜ ስለተጠቀሙበት ነው። ጣሊያኖች በእኛ ላይ የጣሉት ትልቁ የመርዝ ቦምብ 280 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 212 ኪሎው ይህ ፈሳሽ ነው። በአየር ላይ እንዲፈነዳ ይደረግና እንደ ካፊያ ይወርዳል።

ይህ መርዝ ሦስት ክፉ ጠባይ አለው። አንደኛው፣ ወዲያው ላያም ይችላል። ጥቂት ጠብታ የነካው ሰው ምንም ሳይሰማው ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን ድረስ ይቆያል፤ ቆዳው ቀልቶ ውኃ የሚቋጥረው በኋላ ነው። በዚያ መካከል መርዙ ሥራውን ጨርሷል። ሁለተኛው፣ እርጥበት ያለበትን የሰውነት ክፍል ይመርጣል፤ ዓይንን፣ ብብትን፣ የጭን መጋጠሚያን፣ የመተንፈሻ ቧንቧን። ሦስተኛው ደግሞ አገራችንን በቀጥታ የሚነካ ነው። ይህ ፈሳሽ ሙቀቱ ከ14 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ይረጋል። እንደ ሞጣ ባለ ደጋ ሌሊቱ ሲበርድ ሣሩ ላይ ረግቶ ያድራል፤ ሲነጋ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ እንደገና ይተናል። ሰው ትናንት የወረደው መርዝ አለቀ ብሎ ጠዋት በዚያ ሣር ውስጥ በባዶ እግሩ ይራመዳል። ያዙልኝ ያልኳችሁ የባዶ እግር ነገር ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ትጥቁ ምን መምሰል እንዳለበት መናገር ይቻላል። ብዙ ሰው ስለ መርዝ ጋዝ ሲነገረው መጀመሪያ የሚመጣለት ጭምብል ነው። ጭምብል ግድ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እንዲያውም የሰናፍጭ ጋዝ ወደ ጦር ሜዳ የመጣው ጭምብልን ለማሸነፍ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1915፣ ጀርመኖች በዚያችው ኢፕር ከተማ አጠገብ ክሎሪን ጋዝ ለቀቁ፤ ወታደሮች መጀመሪያ በመድኃኒት የተነከረ ጨርቅ አፋቸው ላይ አሰሩ፣ ቀጥሎ ከረጢት አጠለቁ፣ በመጨረሻም ጥሩ ጭምብል ተሠራ። ጭምብሉ ሳንባን ሲያድን፣ መርዝ ሠሪዎቹ በቆዳ የሚገባ መርዝ ይዘው መጡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ጭምብሉ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሥራው የሚከናወነው እያንዳንዳችሁ ቤት ባለ ነገር ነው። ከሰል! ቡና የምናፈላበት ከሰል ማለቴ ነው። ከሰልን በከፍተኛ ሙቀት በእንፋሎት እንደገና ሲያበስሉት ውስጡ በዓይን በማይታዩ ጉድጓዶች ይሞላል። የእነዚያ ጉድጓዶች ግድግዳ ሁሉ ቢዘረጋ፣ የአንድ ግራም ከሰል ስፋት 1,000 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሆናል። አሥር ግራም፣ ማለት እፍኝ እንኳ የማትሞላ ከሰል፣ አንድ ሄክታር መሬት ታክላለች፤ በእኛ አገር ቋንቋ አራት ቃዳ ናት። መርዙ በጭምብሉ ቆርቆሮ በኩል ሲገባ ከእነዚያ ግድግዳዎች ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ አየሩ ያልፋል። በዘመናዊው ጭምብል ከከሰሉ በፊት ብናኝ የሚይዝ ወረቀት አለ፤ ከሰሉም እንደ መዳብና ብር ያሉ ማዕድናት ይቀላቀሉበታል፤ ከሰል ብቻውን የማይዘውን መርዝ እንዲይዙ ነው። አደራ፣ የምድጃ ከሰል እንዲህ ያለውን ሥራ አይሠራም፤ በጨርቅ ቋጥሮ አፍ ላይ ማሰር ከንቱ ድካም ነው።

እኛ በዚያ ጦርነት ጭምብል አልነበረንም ማለት ይቻላል። ግን የሞከሩ ነበሩ፤ ታሪካቸው ብዙ ስለማይነገር ዛሬ እነግራችኋለሁ። በአዲስ አበባ የነበረው የሴቶች ማኅበር፣ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴም ያሉበት፣ ለዘማቹ በእጅ ጭምብል ይሰፋ ነበር። የፍላኔል ጨርቅ በከረጢት መልክ ይሰፋል፣ በሶዳ ይነከራል፣ ለዓይን ማያ ማይካ የሚባለው ብርሃን አሳላፊ ድንጋይ ይገባበታል። ይህ ከ20 ዓመት በፊት የእንግሊዝ ወታደሮች ያጠለቁትን ከረጢት የሚመስል ነው። ለክሎሪን የተወሰነ ጊዜ ይረዳል። በእግርና በትከሻ ለሚገባው ዘይት ግን መልስ አልነበረውም። እነዚያ ሴቶች በእጃቸው ያለውን ሁሉ አድርገዋል፤ እያንዳንዱ ስፌታቸው ሊከበር ይገባዋል።

አሁን ወደ ልብስ እንምጣ። ጋቢ ከብርድ ያድናል፤ ከሰናፍጭ ጋዝ ግን አያድንም፤ ይልቁንም ይጎዳል። ጥጥ ጠብታውን ይመጥጥና ይዞ ከገላ ጋር ያቆየዋል። ቆዳ ጫማም ቢሆን በጊዜ ብዛት ያሳልፈዋል። ከዚህ የባሰው ደግሞ የሰው ፍቅር ያመጣው ነው፤ የተጎዳን ጓደኛ በጀርባ መሸከም፣ ለበረደው የራስን ጋቢ ማልበስ፣ በአንድ ጋቢ ሁለት ሆኖ ማደር። መርዙ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በዚህ መንገድ ነው። ጨርቅ ላይ ያለው መርዝ ከእሳት ዳር ሲሞቅ ይተናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነትም የተበከለ ካፖርታቸውን ይዘው ሞቃት ምሽግ ውስጥ የገቡ ወታደሮች ምሽጉ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ጎድተዋል።

ስለዚህ የዛሬ ወታደር የሚለብሰው ትጥቅ ከእግር ይጀምራል። ቡቲል ከሚባል ጎማ የተሠራ ወፍራም ቦቲ ጫማ፣ ከዚያው ጎማ የተሠራ ጓንት። ሱሪውና ጃኬቱ ሁለት ድርብ ነው፤ ከውጭ ያለው ፈሳሽን ያንከባልላል፣ ውስጠኛው ያ ያወራነው ከሰል ተጣብቆበታል። ስለዚህ ልብሱም እንደ ጭምብሉ ይሠራል፤ አየር ትንሽ ያስገባል፣ መርዝ ያስቀራል። ቆብ ከጭምብሉ ጋር ይገጥማል። እጅጌው ከጓንቱ፣ ሱሪው ከጫማው ይታሰራል። አንዲት ክፍት ቦታ ብትቀር ያቺ ቦታ ትቃጠላለች።

ይህ ትጥቅ ዋጋው በገንዘብ ብቻ አይደለም። የለበሰው ሰው በሙቀት ይንገላታል። በአባይ በረሃ ያለውን ሙቀት የምታውቁ አስቡት፤ በዚያ ላይ ይህን ለብሶ ሽቅብ መውጣት። ወታደሩ ቶሎ ይደክማል፣ ውኃ ብዙ ይፈልጋል፣ ጭምብሉን ሳያወልቅ የሚጠጣበት ቱቦ ያስፈልገዋል። ጭምብሉን ማጥለቅም ልምምድ ነው፤ በአሜሪካ ሠራዊት የተሰጠው ጊዜ 9 ሴኮንድ ነው። ደግሞ ጺም! ጭምብል ከፊት ቆዳ ጋር ካልተጣበቀ አየሩ በከሰሉ በኩል ሳይሆን በጺሙ መካከል ያልፋል። ኢራን ከኢራቅ ጋር ባደረገችው ጦርነት ይህ ብዙ ወታደር ጎድቷል። አርበኞቻችንን በፎቶግራፍ ያያችሁ ጎፈሬያቸውንና ጺማቸውን ታስታውሳላችሁ፤ ጭምብል ቢታደላቸው እንኳ በዚያ ጺም አይገጥምላቸውም ነበር።

እሺ፣ ትጥቅ የሌለው ሰውስ? ራስ እምሩ የተጠየቁት ይህን ነበር፤ መልሱም ይህ ነው። የመርዙ ትነት ከአየር አምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ይወርዳል፤ ሸለቆ፣ ጉድጓድ፣ ወንዝ ዳር፣ ዋሻ ውስጥ ይተኛል። ከጥይት የሚያድነን ዝቅተኛ ቦታ ከመርዝ አያድንም። ነፋሱ ወደ ጎን እየነፈሰ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ልብስን ቶሎ ማውለቅ፤ በራስ በኩል ከመጎተት ይልቅ መቅደድ ይሻላል። የነካውን ፈሳሽ ሳያሹ በደረቅ ጨርቅ ወይም በደረቅ አፈር መጥጦ ማንሳት፣ ከዚያ በብዙ ውኃና በሳሙና መታጠብ። ዓይንን በንጹሕ ውኃ ብቻ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማጠብ። ለሰናፍጭ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት ዛሬም የለም፤ የሚያድነው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው። ከተበከለ ወንዝ ደግሞ አለመጠጣት። እነዚያ ዘማቾች ያደረጉት የተጠማ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው፤ ማንም አልነገራቸውም።

ዋሻን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ በኩል በአባይ ገደል ያሉ ዋሻዎች ለአርበኛ መሸሸጊያ ነበሩ፤ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ዘመን ታሪክ የሰማ ሁሉ ያውቀዋል። በሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ አመፀኛ ዋሻ የሚባል አለ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የአርበኛው የራስ አበበ አረጋይ ተከታዮች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ በዚያ ተሸሽገው ሳለ የጣሊያን ጦር ኬሚካል ክፍል የሰናፍጭ ጋዝን ወደ ዋሻው አፍ አውርዶ አፈነዳ፤ አርሲን የሚባለውንም መርዝ በመድፍ ተኮሰ። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ጸሐፊ ቦታውን ለዓለም ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ይህ ጥቃት ጦርነቱ አበቃ ከተባለ ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ የተፈጸመ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሕግ አልነበረም? ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ጄኔቫ ላይ የመርዝ ጋዝን የሚከለክል ስምምነት ተፈርሟል፤ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1928 አጽድቃዋለች። አጽድቃው ነው የተጠቀመችበት። ማርሴል ዡኖ የተባለው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ሐኪም መጋቢት 1928 ዓ.ም. ኮረም ላይ የተቃጠሉ ሰዎቻችንን ሜዳ ሙሉ አይቷል፤ ሲጮኹ የሰማት ቃል «አቤት» ነበረች፣ በመጽሐፉም ጻፋት። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ቆመው ይህን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ተናገሩ። ጣሊያን በመንግሥት ደረጃ ጋዝ መጠቀሟን ያመነችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው፤ 60 ዓመት ዘግይቶ። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ግንቦት ወር የኬሚካል ጦር መሣሪያን ማምረትንም መያዝንም የሚከለክለውን አዲሱን ስምምነት አጽድቃለች።

አሁን ከጦር ሜዳ ወደ እርሻ ልውሰዳችሁ፤ ወሬው አልተቀየረም። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 23 ቀን 1936፣ ተከዜ ላይ በርሜሎቹ ከወደቁ ልክ በዓመቱ፣ ጌርሃርድ ሽራደር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ፀረ ተባይ ሲፈልግ ታቡን የሚባለውን ነርቭ የሚያሽመደምድ መርዝ አገኘ። ከዚያ ቤተሰብ አንዱ ወገን የጦር መሣሪያ ሆነ፤ ሌላው ወገን በማሳችን ላይ የምንረጨው ማላታይንና መሰሎቹ ናቸው። ጉልበታቸው እጅግ ያነሰ ነው፤ በሰውነት ላይ የሚሠሩበት መንገድ ግን አንድ ነው። ምራቅ ይበዛል፣ ዓይን ያነባል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ስንዴና ጤፍ ማሳ ላይ መርጫ በጀርባው አዝሎ በባዶ እግሩ፣ በነጠላ አፉን ሸፍኖ የሚረጭ ወንድሜን ባየሁ ቁጥር ያ የተከዜ ዘማች ይታየኛል። ነጠላው እርጥበቱን መጥጦ ከአፉ ያቆየዋል። ቦቲ ጫማ፣ የጎማ ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ ሱሪውን ከቦቲው ውጭ ማድረግ፣ ነፋሱን ከጀርባ አድርጎ መርጨት፣ ሲጨርሱ ልብስን ከልጆች ልብስ ለይቶ ማጠብ። ይህ በእጃችን ያለ ትጥቅ ነው።

በቀረችኝ ጊዜ አንድ ጥያቄ ልመልስ፤ ስለዚህ ትጥቅ ባወራሁ ቁጥር የሚነሳ ነው። ጭምብል ያጠለቀ ሰው የታፈነ የእህል ጉድጓድ ወይም ያረጀ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ቢገባ ይድናል ወይ? አይድንም። ጭምብል አየርን ያጣራል እንጂ አየር አይሠራም። በእንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ የሚገድለው ብዙውን ጊዜ የኦክስጅን ማነስ ነው፤ ያን ከሰል አይተካውም። በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ የሚወጣውን ሽታ የሌለውን ጋዝም የተለመደው የከሰል ማጣሪያ አይዘውም። ለነቀዝ በእህል መካከል የምናስቀምጣት ክኒን የምትለቀው ጋዝም ሰው ይገድላል፤ ከመኝታ ቤት አጠገብ ባለ ጎተራ አታድርጓት። ጉድጓድ የገባ ሰው ቢወድቅ ሊያወጣው ተከትሎ የሚገባው ሁለተኛው ሰው ይሞታል፤ ስለዚህ መጀመሪያም ሲገባ ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ገመዱን ከላይ ጠንካራ ሰዎች ይዘው፣ ክዳኑ አስቀድሞ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ቆይቶ ይሁን። የወደቀ ካለ በገመዱ ይጎተታል፤ ማንም አይወርድም።